ክሩም መረቡም ይፈተን

በ2008 ዓ.ም. ጥር ወር ሁለት የቀዶ ሕክምና ዜናዎች ከስዊድን ተሰሙ። ሁለቱም ስቶክሆልም ከሚገኘው ከካሮሊንስካ ተቋም ጋር ይያያዛሉ፤ የሕክምናውን የኖቤል ተሸላሚ በየዓመቱ የሚመርጡት የዚህ ተቋም ፕሮፌሰሮች ናቸው። አንደኛው ዜና የአገሪቱ ቴሌቪዥን ማሳየት የጀመረው ተከታታይ ዘጋቢ ፊልም ነበር። ፊልሙ በተቋሙ ይሠራ የነበረውን የጣሊያናዊውን ቀዶ ሐኪም የፓውሎ ማኪያሪኒን ሥራ ገልጦ አሳየ፤ ወሬው በዓለም ጋዜጦች ዞረ፤ የተቋሙ መሪም ከሥልጣን ወረዱ። ሁለተኛው ዜና በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የታተመ አንድ የኡጋንዳ ጥናት ነው። ስለ ቡአ፣ ማለትም ሐኪሞች ሄርኒያ ስለሚሉት በሽታና ስለ አጎበር ጨርቅ የሚናገር በመሆኑ ከሙያው ሰዎች ውጭ እምብዛም አላነጋገረም። ስለ አዳዲስ የሕክምና ዘዴዎች ማሰብ የሚፈልግ ሰው ግን ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ቢያያቸው ብዙ ያተርፋል። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማኪያሪኒ ያደረገው ይህን ነው። በ2011 አጋማሽ፣ የአየር ቧንቧው ላይ ዕጢ የበቀለበትን፣ ከአፍሪካ ቀንድ ለትምህርት ወደ አውሮፓ የሄደ አንድ ወጣት ቀዶ፣ የታመመውን ቧንቧ አውጥቶ በቦታው ከፕላስቲክ የተሠራ ቧንቧ ተከለለት። ፕላስቲኩ አስቀድሞ ከሕመምተኛው መቅኔ በተወሰደ ስቴም ሴል እንዲነከር ተደርጎ ነበር፤ ሕዋሳቱ ያድጉበትና ሕይወት ያለው አካል ይሆናል ተብሎ ተስፋ ተደረገ። ላንሴት የተባለው ስመ ጥር መጽሔት በዚያው ዓመት ሥራውን አተመ፤ አዲስ የሕክምና ዘመን እንደገባ ተወራ። ዘዴው ግን ወደ ሰው ከመምጣቱ በፊት በእንስሳት ላይ በወጉ አልተፈተነም፤ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴም አልፈቀደውም። ወጣቱ ከሁለት ዓመት ተኩል ስቃይ በኋላ ሞተ። በዚያው ሆስፒታል ተመሳሳይ ቧንቧ የተተከለላቸው ሌሎች ሁለት ሰዎችም ሞቱ። እዚያው የሚሠሩ አራት ሐኪሞች የታተመው ጽሑፍ ከሕመምተኞቹ መዝገብ ጋር እንደማይገጥም በ2014 ቢያመለክቱም ለረጅም ጊዜ ሰሚ አላገኙም። ላንሴት ጽሑፉን የሰረዘው በ2018 ነው። በ2023 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሐኪሙን በሁለት ዓመት ከስድስት ወር እስራት ቀጣው።

የኡጋንዳው ጥናት የተነሣው ከሌላ ዓይነት ጥያቄ ነው። የብሽሽት ቡአ ሲሠራ የላላውን የሆድ ግድግዳ በመረብ ማጠናከር ቡአው ተመልሶ እንዳይመጣ እንደሚረዳ ከታወቀ ቆይቷል። ለሕክምና ተብሎ የሚሸጠው መረብ ግን ከመቶ ዶላር በላይ ያወጣ ስለነበር በድሃ አገር የሚኖር ገበሬ ሊያገኘው አይችልም ነበር። የሕንድ ሐኪሞች ቀደም ብለው ከአጎበር የተቆረጠ ጨርቅ መጠቀም ጀምረው ነበር፤ ዋጋው አንድ ዶላር እንኳ በቅጡ አይሞላም። ደህና ይሠራል ይሉ ነበር፤ ይሠራል ማለትና መሥራቱን ማሳየት ግን ይለያያሉ። የካሮሊንስካና የኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው 302 ወንዶችን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። ግማሾቹ በውዱ መረብ፣ ግማሾቹ ከጀርም በጸዳ የአጎበር ጨርቅ ተሠሩ። ከዓመት በኋላ ከሃያው አሥራ ዘጠኙን ያህል ፈልገው አግኝተው መረመሯቸው። በርካሹ መረብ ከተሠሩት መካከል ቡአው የተመለሰበት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ በውዱ ከተሠሩት መካከል ማንም የለም። እብጠትና ሕመምን የመሰሉ ችግሮችም በሁለቱም ወገን ከመቶ ሠላሳ ገደማ ሰው ላይ ታዩ። ይህ ውጤት የሚያረጋግጠው ያንን የተመረጠ፣ የፀረ ትንኝ መድኃኒት ያልነካውንና በታወቀ መንገድ ከጀርም የጸዳውን ጨርቅ እንጂ ከገበያ የተገኘን አጎበር ሁሉ አይደለም። ጥናቱ ዋጋ ያለው ስለ ራሱ ልክ እንዲህ በጥንቃቄ መናገር ስለሚችል ነው።

እነዚህ ሁለት ሥራዎች የሚለያዩት በሐኪሞቹ ችሎታ ወይም በገንዘብ መጠን አይደለም። ችሎታና ገንዘብ ይበልጥ የነበረው በመጀመሪያው በኩል ነው። ልዩነቱ በኡጋንዳ አንድ ሰው አዲሱን ነገር ከቀድሞው ጋር አወዳድሮ፣ የታከመውን ሰው ዓመት ሙሉ ተከታትሎ፣ ያየውን ሁሉ ደስ የሚያሰኘውንም የሚያሳፍረውንም መመዝገቡ ነው። እኔ የምለው ይህን ነው፦ ያልተፈተነ ሕክምና ራሱ ሙከራ ነው። አዲስ ክር፣ አዲስ መረብ፣ አዲስ የመመርመሪያ መሣሪያ ሆስፒታል በገባ ቁጥር ሕመምተኛው እየተሞከረበት ነው፤ መዝጋቢ ከሌለ ግን ከሥቃዩ ማንም አይማርም። ስለዚህ በአገራችን መሠራት ያለበት ቀዳሚ የሕክምና ምርምር ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ በየቀኑ በእጃችን ያሉትን ተራ ነገሮች፣ ክሩን፣ መረቡን፣ ቱቦውን፣ ቅባቱን፣ በራሳችን ሕመምተኞችና በራሳችን ጤና ጣቢያዎች ማወዳደር። ይህን ማድረግ እንደምንችል ደግሞ ከዚህ በፊት አሳይተናል።

ማስረጃው የዓይን ማዝ፣ ማለትም ትራኮማ ነው። ትራኮማ በሕፃንነት ደጋግሞ እየያዘ የዓይንን ቆብ ውስጡን በጠባሳ ይሞላዋል፤ ጠባሳው ከዓመታት በኋላ ቆቡን ወደ ውስጥ ይቀለብሰዋል፤ ሽፋሽፍቱም ዓይን በተርገበገበ ቁጥር ብሌኑን ይፍቃል። ሕመሙ ቀንም ሌሊትም አይለቅም፤ ካልታከመ መጨረሻው ዕውርነት ነው። ከወንድ ይልቅ ሴትን፣ ከከተማ ይልቅ ገጠርን ያጠቃል። በዓለም ላይ ይህ በሽታ እንደ ኢትዮጵያ የከበደበት አገር የለም። ሕክምናው አጭር ነው፤ የሠለጠነ ነርስ በጤና ጣቢያ ቆቡን አደንዝዞ፣ ቆርጦና ገልብጦ ይሰፋዋል። ችግሩ ከተሠሩት መካከል የብዙዎቹ ሽፋሽፍት ተመልሶ ወደ ውስጥ መግባቱ ነው። አንዲት እናት በልጇ ተመርታ ግማሽ ቀን በእግሯ ሄዳ፣ ተሠርታ ከተመለሰች በኋላ በዓመቱ ያው ፀጉር ዓይኗን ሲወጋት፣ ጎረቤቶቿም ለሕክምና መሄዱን ይተዋሉ። ስለዚህ በየትኛው ክር ይሰፋ? በየት በኩል ይቆረጥ? መድኃኒት ይጨመር ወይስ አይጨመር? የሚሉት ትንሽ የሚመስሉ ጥያቄዎች የብርሃን ጥያቄዎች ናቸው።

ጥያቄዎቹ የተመለሱት እዚሁ ነው። በ2006 ውጤቱ በታተመ የወላይታ ጥናት 1,452 ሰዎች ተሳትፈዋል፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ የተዋጠ አዚትሮማይሲን ከተለመደው የቴትራሳይክሊን ቅባት ጋር ሲወዳደር የፀጉሩን መመለስ በሲሶ ያህል ቀነሰ። በ2011 ውጤቱ በወጣ የአማራ ክልል ጥናት 1,300 ሰዎች በዕጣ ተከፍለው ግማሾቹ በሐር ክር፣ ግማሾቹ በራሱ ጊዜ ሟሙቶ በሚጠፋ ክር ተሰፉ፤ ከዓመት በኋላ በሁለቱም ወገን ከአምስት ሰው የአንዱ ገደማ ፀጉር ተመልሶ ነበር። ልዩነት አለመገኘቱን ባዶ ውጤት አድርጎ የሚቆጥር ሰው ይኖራል። ትልቅ ውጤት ነው እንጂ! የሐር ክር በሳምንቱ እንዲወጣ ሕመምተኛዋ መመለስ አለባት፤ የሚሟሟው ክር ከዚያ መንገድ ያድናታል፤ ጥናቱም በዚህ ምቾት የተነሣ የምታጣው ነገር እንደሌለ ነገረን። እንዲሁ 1,300 ሰዎች የተሳተፉበት ሌላ ጥናት ደግሞ ጥቂት ፀጉር ብቻ የተቀለበሰባቸውን ሰዎች ቀዶ ሕክምናንና በጥሩ ወረንጦ መንቀልን አወዳደረ። ከሁለት ዓመት በኋላ ፀጉሩ የባሰባቸው በሚነቅሉት በኩል በዝተው ቢገኙም፣ በማየት ችሎታና በብሌን ጠባሳ ግን ሁለቱ ቡድኖች አልተለያዩም። ቢላዋ ለምትፈራ ወይም ሐኪም ርቆባት ለምትጠባበቅ ሴት ይህ እውነተኛ ምርጫ ሰጣት።

ከሁሉም ይልቅ እኔን ያሳመነኝ ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ እስማኤል ሀብታሙና ባልደረቦቹ በ2016 ያወጡት ጥናት ነው። የዓይን ቆብን መገልበጫ ሁለት የታወቁ አቆራረጦች አሉ። አንዱ ቆቡን ከውጭ ቆዳው እስከ ውስጥ ድረስ ይበሳል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለረጅም ጊዜ ይመክረው የነበረው ይህን ነው። ሌላው ቆዳውን ሳይነካ ከውስጥ በኩል ብቻ ይቆርጣል። ሁለቱንም የሚሠሩ ባለሙያዎች የየራሳቸው የተሻለ መሆኑን ያምኑ ነበር፤ እንዲያ ማመናቸውም አያስነቅፋቸውም፤ ሰው የተማረውንና የለመደውን ያምናል። ጥናቱ በአማራ ክልል 1,000 ሰዎችን በዕጣ መድቦ ዓመት ተከታተላቸው። ሙሉ ቆቡን በሚበሳው ዘዴ ከተሠሩት መካከል ከመቶ 22ቱ ፀጉሩ ተመለሰባቸው፤ ከውስጥ ብቻ በሚቆርጠው ግን ከመቶ 13ቱ። የተቀየረ ማሽን የለም፤ የተገዛ ውድ ዕቃ የለም፤ የተቀየረው ቢላዋው የሚያርፍበት ቦታ ነው። እንዲያም ሆኖ በመቶ ሰው ውስጥ የዘጠኝ ሰው ልዩነት መጣ። በዚህ አገር በዘመቻ የሚሠራውን ብዛት ላሰበ ዘጠኝ ሰው በየመቶው ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው። ማንኛውም ልምድ ያለው ባለሙያ ብቻውን ይህን ልዩነት በዓይኑ ሊለየው አይችልም፤ ምክንያቱም የሠራላቸው ሰዎች አብዛኞቹ ተመልሰው አያዩትም፤ የሚያያቸውም ተመርጠው የመጡትን ብቻ ነው።

በፊስቱላ በኩልም እንዲሁ ሆኗል። ምጥ ረዝሞባት ፊኛዋ የተቀደደ ሴት ከተሰፋች በኋላ ስፌቱ እንዲይዝ የሽንት ቱቦ ይገባላታል። ለስንት ቀን? በብዙ ሆስፒታሎች ሁለት ሳምንት ነበር፤ አንዳንዱ ያሳጥረዋል፣ አንዳንዱ ያስረዝመዋል፤ ሁሉም እንደየአስተማሪው። ኢትዮጵያን ጨምሮ በስምንት የአፍሪካ አገሮች 524 ሴቶች የተሳተፉበትና በ2015 ውጤቱ የታተመ ጥናት ሰባት ቀንን ከ14 ቀን ጋር አወዳደረ። ስፌቱ የተፈታባቸው በሰባት ቀኑ ቡድን ከመቶ አራት፣ በ14 ቀኑ ከመቶ ሦስት ናቸው፤ ሰባት ቀኑ ለቀላል ፊስቱላ እንደማያንስ ታወቀ። አንዲት ሴት አልጋ ላይ የምታሳልፈው ሳምንት ተቀነሰ ማለት ወረፋ የምትጠብቅ ሌላ ሴት አልጋውን አገኘች ማለት ነው። ይህን የመሰለ ጥያቄ ለማንም መድኃኒት አምራች ገበያ አያመጣም፤ ስለዚህ በመንግሥትና በሕዝብ ገንዘብ ካልተጠየቀ ጠያቂ የለውም።

እንዲህ ዓይነቱን ምርምር ሀብታሞቹ አገሮች ይሥሩት፣ እኛ የእነርሱን ውጤት ወስደን እንጠቀም የሚል ሐሳብ ከማስተዋል ከሚናገሩ ሰዎችም ይሰማል። ገንዘባችን ጥቂት ነው፣ ሐኪሞቻችን ሥራ በዝቶባቸዋል፣ የሰው አካልም በየትም አገር አንድ ነው ይላሉ። የመጨረሻው አባባል እስከ አንድ ቦታ ድረስ እውነት ነው። በዚያ ላይ ሙሉ በሙሉ መደገፍ ግን ሕይወት እንዳስከፈለ እናውቃለን። በሀብታም አገሮች የደም ዝውውሩ የተዳከመበትን በጽኑ የታመመ ሕፃን ፈሳሽ በደም ሥሩ በፍጥነት መስጠት የታወቀ ሥርዓት ነበር። በኡጋንዳ፣ በኬንያና በታንዛኒያ በጽኑ ትኩሳት የታመሙ 3,141 ሕፃናት የተሳተፉበት፣ በ2011 የወጣ ጥናት ያንኑ ፈተነ። በፍጥነት ፈሳሽ ከተሰጣቸው መካከል በ48 ሰዓት ውስጥ ከመቶ ከአሥር በላይ ሞቱ፤ ካልተሰጣቸው መካከል ከመቶ ሰባት ገደማ። ሁሉም ሰው ያድናል ብሎ ያመነበት ነገር በእነዚያ ሆስፒታሎች፣ በእነዚያ ሕፃናት ላይ ይገድል ነበር። የጽኑ ሕሙማን ክፍልና የመተንፈሻ መሣሪያ በሌለበት ቦታ፣ በወባና በደም ማነስ የተጎዳ ሕፃን ሎንዶን ካለው ሕፃን ጋር በአንድ መጽሐፍ አይታከምም። ሐኪሞቹ በቅንነት ያደረጉት ነው፤ ሳይፈተን ቢቀር ኖሮ ዛሬም በቅንነት ይቀጥሉ ነበር።

በመመርመሪያ መሣሪያዎችም ነገሩ ከዚህ አይለይም፤ እዚህ ላይ ምሳሌው ከራሳችን ድንበር ነው። በየጤና ኬላው ከጣት ደም ወስዶ ወባን በደቂቃዎች ሲለይ የኖረው መመርመሪያ፣ ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተሐዋሲ የሚያመነጨውን አንድ ፕሮቲን ፈልጎ ያገኛል። መሣሪያው ጥሩ ነው፤ ብዙ ሕይወት አድኗል። ዳሩ ግን ያንን ፕሮቲን የሚሠራው ዘረመል የጠፋባቸው ተሐዋስያን በኤርትራ፣ ቀጥሎም በኢትዮጵያ ተገኙ። ተሐዋሲው በደም ውስጥ አለ፤ መሣሪያው ግን የለም ይላል፤ ሕፃኑ መድኃኒት ሳይሰጠው ወደ ቤቱ ይመለሳል። የኢትዮጵያ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ 12,572 ሰዎችን መርምረው በ2021 ያወጡት ጥናት፣ መሣሪያው በዚህ ምክንያት ብቻ ከመቶ የፋልሲፓረም ሕሙማን አሥር ገደማ ሊያመልጡት እንደሚችሉ አሳየ። ውጭ አገር ላቦራቶሪ ውስጥ ያለ ማንም ሰው ይህን ሊያውቅልን አይችልም ነበር፤ ተሐዋሲው ያለው እዚህ ነውና። ከፋብሪካ ሲወጣ ፈተናውን ያለፈ መሣሪያ በየአገሩና በየጊዜው እንደገና መፈተን አለበት፤ በሽታው ራሱ ይለዋወጣልና።

አካል ውስጥ የሚቀር ቁስ ከሆነ ደግሞ ጥንቃቄው እጥፍ መሆን ይገባዋል። መድኃኒት የማይስማማው ሰው ይተወዋል፤ የተሰፋ መረብ ግን አካል ይበቅልበታል፤ ማውጣቱም ከማስገባቱ ይከብዳል። ለቡአ የሚውለው የፖሊፕሮፒሊን መረብ ለሆድ ግድግዳ ጥሩ ሆኖ በመገኘቱ፣ ማሕፀናቸውና ፊኛቸው ወደ ታች ለወረደባቸው ሴቶችም በብልት በኩል ይገባ ጀመር። አብዛኞቹ ምርቶች በአሜሪካ ለገበያ የተፈቀዱት ቀድሞ ከተፈቀደ ዕቃ ጋር ይመሳሰላሉ ተብለው እንጂ በሴቶች ላይ ለዓመታት ተፈትነው አልነበረም። በብዙ ሴቶች መረቡ ሥጋቸውን እየበላ ወጣ፤ የማያቋርጥ ሕመም አመጣባቸው። ብሪታንያ በ2018 አገልግሎቱን አገደች፤ የአሜሪካ ተቆጣጣሪ በ2019 ለዚህ በሽታ የሚሸጠው ከገበያ እንዲወጣ አዘዘ። አንድ ቁስ በብሽሽት ስለጠቀመ ከዚያ በአንድ ስንዝር ርቀት ይጠቅማል ብሎ መገመት እንደማይቻል እነዚያ ሴቶች በአካላቸው ከፍለው አስተማሩን። አገራችን የሚገባው የቀዶ ሕክምና ዕቃ በብዛት ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ ግምቱን የሚገምቱት ሌሎች፣ ውጤቱን የምንሸከመው እኛ እንዳንሆን ያሰጋል።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ግን ሌላ ነው፤ መሞከሪያ ሊያደርጉን ነው የሚለው። ይህን ፍርሃት ያለማወቅ አድርጎ የሚያጣጥል ሐኪም ታሪክን አላነበበም። የፊስቱላ ቀዶ ሕክምና አባት እየተባለ ሲወደስ የኖረው ማሪዮን ሲምስ በ1840ዎቹ አላባማ ውስጥ የተለማመደው በባርነት በተያዙ ጥቁር ሴቶች ላይ፣ ያለ ማደንዘዣ ነው። አናርካ የተባለችውን ብቻ 30 ጊዜ ያህል ቀዷታል፤ በመጨረሻ ስፌቱን ያያዘለት የብር ክር ከእርሷ ሥቃይ የተገኘ ነው። በ1996 በናይጄሪያ ካኖ ማጅራት ገትር ሲገባ ፋይዘር 200 ሕፃናትን በአዲስ መድኃኒት ጥናት ውስጥ አስገባ፤ 11 ሞቱ፤ ወላጆች ምርምር መሆኑን በቅጡ አልተነገረንም አሉ፤ ክሱ ከዓመታት በኋላ በካሳ ስምምነት አለቀ። እነዚህን ታሪኮች ማስታወስ ተገቢ ነው። ነገር ግን ክፋቱ የቱ ላይ እንደሆነ በጥንቃቄ እንየው። ሲምስ የሠራባቸው ሴቶች እምቢ ማለት አይችሉም ነበር፤ በካኖ የተነሣው ክርክርም ወላጆች ሳያውቁ ስለመግባታቸው ነው። ማወዳደሩና መመዝገቡ ጥፋት አልነበረም። ማኪያሪኒን ያጋለጠው እንኳ በመዝገብ ላይ ተጽፎ የተገኘው እውነት ነው። ሕመምተኛ የሚጠበቀው ምርምር ሲቀር አይደለም፤ አስቀድሞ ሲነገረው፣ እምቢ ሲል ሕክምናው ሳይጓደልበት፣ ከተመራማሪው ውጭ የሆነ ዓይን ሲጠብቀው ነው።

ማንበብ የማትችል ሴት እንዴት አውቃ ትፈቅዳለች? የሚለው ጥያቄ ከዚህ ይከተላል። መልሱ ከባድ ነው፤ ግን መልስ አለው። በወላይታ ስለ እግር ዝሆኔ በተሠሩ ጥናቶች የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ጥናቱ ከመጀመሩ በፊት ወደ ሰፈሩ ሄደው ሰዉ ስለ በሽታው ምን እንደሚያስብ፣ ምን እንደሚያሳፍረው፣ ፈቃድ ሲጠየቅ ማንን እንደሚያማክር በአጭር ጊዜ አጥንተው፣ የማብራሪያ ቃላቸውን እንደዚያው ያስተካክሉ ነበር። ዘዴው ከዚያ በኋላ በሌሎች ጥናቶችም ተሠርቶበታል። ወረቀት ላይ የጣት አሻራ ማስነካት ፈቃድ አይደለም፤ ሰውዬው የተባለውን በራሱ አነጋገር መልሶ ሲናገር፣ እምቢ ቢል ምን እንደሚሆን ተጠይቆ ምንም አልሆንም ሲል፣ ያ ፈቃድ ነው። ይህ ጊዜ ይወስዳል። ጊዜው የምርምሩ አካል ሆኖ በጀት ሊያዝለት ይገባል፤ ነርሷ ወረፋ በበዛበት ጠዋት በአምስት ደቂቃ የምትጨርሰው ሥራ ሆኖ መቅረት የለበትም።

የአንጋፋ ቀዶ ሐኪሞች ቅሬታም ሊደመጥ ይገባል። ሕክምና የእጅ ጥበብ ነው፤ በዕጣ የሚመድብ ሐኪም የሚያምንበትን ትቶ የማያምንበትን እንዲሠራ ይገደዳል ይላሉ። ሐኪም አንዱ ዘዴ እንደሚበልጥ በእርግጥ ካወቀ በዕጣ ሊመድብ አይገባውም፤ በዚህ እስማማለሁ። ግን ሁለት ጥሩ ሐኪሞች በአንድ ሆስፒታል፣ በአንድ ኮሪደር፣ አንድን በሽታ በሁለት መንገድ ሲያክሙና ሁለቱም እርግጠኞች ሲሆኑ፣ ሕመምተኛው በዕጣ ተመድቧል እኮ! በየትኛው ቀን ተረኛ የሆነው ማን ነው የሚለው ዕጣ ወስኖበታል። ጥናቱ የሚጨምረው ይህንኑ ዕጣ ፍትሐዊ ማድረግንና ውጤቱን መጻፍን ነው። ጥበቡንም አያሳንሰውም፤ ከውስጥ የሚቆርጠውን የቆብ አሠራር የፈለሰፈው ጥበብ ነው፤ የትኛው አቆራረጥ እንደሚሻል የነገረን ግን ቆጠራ ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ እነዚህ ጥናቶች ትልቁን ወጪ የሚያወጡት በዕቃ ላይ አይደለም። ክሩ፣ ጨርቁ፣ ቱቦው ድሮም ይገዛል። ወጪው የታከመውን ሰው ከዓመት በኋላ ቀበሌው ድረስ ሄዶ ማግኘት ነው፤ መኪና፣ ነዳጅ፣ ሠራተኛና ትዕግሥት። የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ከ1970 ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ አለ፤ የማስተማሪያ ሆስፒታሎቻችን በየዓመቱ የመመረቂያ ጥናት የሚሠሩ ብዙ ስፔሻሊስት ተማሪዎች አሏቸው። አብዛኛው የመመረቂያ ጥናት አንድ ተማሪ ያለፉ ካርዶችን ብቻውን ገልብጦ የሚጽፈው ነው፤ ሥራው አልቆ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። የአምስት ወይም የስድስት ሆስፒታሎች ተማሪዎች አንድ ጥያቄ ተስማምተው ቢይዙ፣ እያንዳንዱ በየሆስፒታሉ ሕመምተኞችን ቢያስገባና ቢከታተል፣ ድካማቸው ሳይጨምር የአገሪቱን አሠራር የሚለውጥ መልስ ይወጣል። የጤና ሚኒስቴርና ዩኒቨርሲቲዎች ይህን ለማዘዝ አዲስ ተቋም መገንባት አያስፈልጋቸውም።

የመጀመሪያው ጥያቄ ምን ይሁን ብባል መልሴ ዝግጁ ነው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ቁስሉ እንዳይመረቅዝ በሚል ፀረ ተሐዋሲ መድኃኒት ለቀናት መስጠት በሆስፒታሎቻችን የተለመደ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ከ2016 ጀምሮ ቀዶ ሕክምናው ካለቀ በኋላ መድኃኒቱን አለመቀጠልን ይመክራል። ሐኪሞቻችን ምክሩን የማይከተሉት ግትር ሆነው አይደለም፤ ውኃ በሚቋረጥበት፣ አንድ አልጋ ለሁለት ሰው በሚሆንበት ክፍል ምክሩ ይሠራል ወይ ብለው ስለሚሰጉ ነው። ስጋቱ ተገቢ ነው፤ ሊፈተንም ይችላል። በቀዶ የወለዱ እናቶችን ፈቃዳቸውን ጠይቆ ለሁለት መክፈል፣ ለአንዱ ቡድን ከቀዶው በፊት አንድ መርፌ ብቻ፣ ለሌላው እንደ ልማዱ የቀናት መድኃኒት መስጠት፣ ከዚያም በሠላሳኛው ቀን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤታቸው ድረስ ሄዳ ቁስሉን እንድታይ ማድረግ ነው። መልሱ ወደየትም ይሁን፣ ልማዱን የሚደግፍም ቢሆን፣ ታትሞ ይውጣ፤ ለተሳተፉት እናቶችም በየቋንቋቸው ይነገራቸው።